የቴክሳሱ ጥቁር ሸክላ አፈር «ሂውስተን ብላክ» እና የምደባ ስሙ፦ ከእኛ ዋልካ ጋር አንድ ነውን?

የጋርላንድ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ጋርላንድ ከተማ ቤት ገዝቼ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ኦገስት የጓሮዬ መሬት ተሰነጣጥቆ ስለነበር በአጥሩ ሥር ባለው ንቃቃት ውስጥ የብረት ሜትር ብሰድበት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ምንም ሳይነካው ወረደ። በዚያው ሰሞን የመኝታ ቤቱ በር ከመቃኑ ጋር እየተጋጨ አልዘጋ አለ። ዝናቡ ሲመለስ ግን ንቃቃቱ ተደፈነ፤ በሩም ማንም ሳይነካው ተስተካከለ። የቤት መሠረት ይጠግናል የተባለ አንድ ባለሙያ ጠርቼ ነበር፤ ወለሉን እንኳ ሳይለካ ከአቅሜ በላይ የሆነ ዋጋ ጠራና «መሬቱ መጥፎ ነው» ብሎኝ ሄደ።

የመሬቱን መጥፎነት በራሴ ለመረዳት ፈልጌ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በድረ ገጽ ባወጣው የአፈር ካርታ ላይ አድራሻዬን ፈለግሁ። የአፈሩ ስም «ሂውስተን ብላክ» ሲሆን ከሥሩ «ፋይን፣ ስሜክቲቲክ፣ ተርሚክ ዩዲክ ሃፕለስተርትስ» የሚል ረጅም ስም ተጽፏል። ልጅ ሆኜ በበቾ ሜዳ በክረምት ጫማ የሚያስቀር፣ በበጋ የከብት እግር የሚሰብር መረሬ አይቻለሁ፤ ይኸኛውም ያው መሰለኝ። የዚህ ስም እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚል የሚያስረዳኝ አለ? ደግሞስ ይህ አፈር በእርግጥ የእኛው ዋልካ ነው ማለት ይቻላል?

አፈር አንባቢ

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ስሙም እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም። ቀላሉ መንገድ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ማንበብ ነው፤ ምክንያቱም ከባዱ ውሳኔ የተቀመጠው በመጨረሻዎቹ ፊደላት ላይ ነው።

«ኤርትስ» የሚለው ቅጥያ ቨርቲሶል ከሚለው የክፍል ስም የተወሰደ ነው፤ ቃሉ «መገልበጥ» ወይም «ማዞር» ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው። አንድ አፈር በዚህ ክፍል ለመግባት ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል። የመጀመሪያው፣ ከላይኛው ገጽ ጀምሮ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቢያንስ 30 በመቶ የሸክላ ቅንጣት መያዙ ነው። ሁለተኛው፣ በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ ንቃቃት ያለው መሆኑ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ነው፦ በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ፣ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር፣ አፈሩ በራሱ ላይ ተንሸራትቶ የወለወላቸው ገጾች፣ ወይም ከአግድም መስመር ከ10 እስከ 60 ዲግሪ ያዘነበሉ የሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው ጓሎች መገኘት አለባቸው። ልብ ይበሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ስለ ቀለም አይናገርም።

«ኡስት» የሚለው ስለ ድርቀት ነው። 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ንቃቃት፣ ከላይኛው 50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ዘልቆ፣ በተለመደ ዓመት በድምሩ 90 ቀንና ከዚያ በላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። «ሃፕል» ደግሞ «ተራ» ወይም «ቀላል» የሚል የግሪክ ቃል ነው፤ የጨው፣ የጂፕሰም ወይም የተከማቸ የኖራ ንብርብር ተጨማሪ ስም የሚያሰጥ ሆኖ አልተገኘም እንደ ማለት ነው። «ዩዲክ» የሚለው ድርቀቱን ያለዝበዋል፦ ንቃቃቱ ከ90 ቀን ቢበልጥም 150 ቀን አይሞላም። ስለዚህ በዚህ ስም የተጠራው አፈርዎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ነገር ግን ዓመቱን ግማሽ ተሰንጥቆ አይቆይም።

የቀሩት ሦስት ቃላት የቤተሰብ መለያ ናቸው። «ፋይን» የሸክላው መጠን ከ60 በመቶ እንደማይበልጥ ይናገራል፤ ቢበልጥ «ቬሪ ፋይን» በተባለ ነበር። «ስሜክቲቲክ» ከሸክላው ማዕድናት መካከል ከማናቸውም ሌላ ነጠላ ማዕድን ይልቅ ስሜክታይት እንደሚበዛ ይገልጻል። «ተርሚክ» የአፈሩ አማካይ የሙቀት መጠን በ15 እና በ22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል መሆኑን ነው የሚለው።

የበርዎ ወንጀለኛ ስሜክታይት ነው። ይህ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ እጅግ ስስ ቅጠሎች የተሠራ ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል ውሃ ሲገባ ይራራቃሉ፣ ውሃው ሲወጣ ይቀራረባሉ። የአንድ ግራም ስሜክታይት ቅጠሎች ሁሉ ቢዘረጉ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ። አብዛኞቻችን የምንኖርባቸው ቤቶች ያረፉበት ቦታ እንኳ ከዚያ ያንሳል።

የቢሾፍቱ ልጅ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ግልጽ ነው፤ ይሁንና በአንድ ነጥብ ላይ አልስማማም። ቦታው ፕሬሪ ነው፤ ማለትም ለሺህ ዓመታት ረጃጅም ሣር የበቀለበት፣ የሣሩ ሥር በየዓመቱ እየበሰበሰ ያጠቆረው መሬት ነው። የፕሬሪ ጥቁር አፈር ሞሊሶል እንደሚባል በትምህርት ቤት ተምረናል፤ የዩክሬኑ ቼርኖዜምም የዚያ ወገን ነው። እንግዲህ ይህ አፈር ጥቁር፣ ለም፣ ኖራ ያለበትና የሣር ውጤት ከሆነ ሞሊሶል ያልሆነበት ምክንያት አልገባኝም። ከእኛ ዋልካ ጋር ማመሳሰሉም ለእኔ የቀለም ማመሳሰል ይመስለኛል።

አፈር አንባቢ

ተቃውሞዎ የሚናቅ አይደለም፤ የሞሊሶልን የላይኛ ንብርብር መስፈርት ብቻ ይዘን ብንሄድ ይህ አፈር ብዙ ጊዜ ያሟላዋል። ነገር ግን የአሜሪካው የምደባ ቁልፍ የሚሠራው በተራ ነው። አሥራ ሁለቱ ክፍሎች በወረፋ ተሰልፈዋል፤ አፈሩ መስፈርቱን ባሟላበት የመጀመሪያ ክፍል ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ቨርቲሶል በወረፋው ስድስተኛ ነው፤ ሞሊሶል ዘጠነኛ ነው። ሂውስተን ብላክ ሞሊሶል ጋ ሳይደርስ ስድስተኛው በር ላይ ይያዛል። ወረፋውን ያዘጋጁት ሰዎች እየተንቀሳቀሰ ሥር የሚበጥስና መንገድ የሚያጎብጥ ጠባይ ከለምነትም ከጥቁረትም ቀድሞ መታወቅ አለበት ብለው ፈርደዋል ማለት ነው። እኔም ፍርዱን እቀበለዋለሁ።

የቀለሙን ነገር ካነሡት፣ ታሪኩ ራሱ ለእርስዎም ለእኔም ይናገራል። እነዚህን የሞቃት አገር ጥቁር ሸክላዎች በአንድ ስም ለመጥራት በ1950 እ.ኤ.አ. «ግሩሙሶል» የሚል ስም ቀርቦ ነበር። በ1960 በወጣው የአሜሪካ ምደባ ረቂቅ ላይ ቨርቲሶል የሚለው ስም ገባ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሂውስተን ብላክ «ዩዲክ ፔለስተርትስ» ሲባል ቆየ፤ «ፔል» ጥቁርነቱን የሚያመለክት ቃል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቨርቲሶል ምደባ ሲከለስ ቀለም ከዚያ ደረጃ ተነሣና በቦታው «ሃፕል» ገባ። በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ግን «ፔሊክ» የሚለው ቅጽል እስከ ዛሬ አለ፤ የኢትዮጵያን ጥቁር አፈር «ፔሊክ ቨርቲሶል» ተብሎ ያነበበ ሰው ስሙን ከዚያ ነው ያገኘው።

ጥቁረቱ ደግሞ ሁልጊዜ የብዙ ብስባሽ ምልክት አይደለም። ጥቂት ብስባሽ ከስሜክታይት ጋር በጥብቅ ሲጣበቅ አፈሩን በሙሉ ያጠቁረዋል። ስለዚህ በቼርኖዜም ልክ ጥቁር የሆነ ቨርቲሶል ከቼርኖዜም በጣም ያነሰ ካርቦን ሊኖረው ይችላል።

የእነዋሪ ሰው

ስለ ዋልካ ተጠይቆ ዝም ማለት አልቻልሁም። ምደባው አንድ ክፍል ውስጥ ቢያስገባቸውም የተቀመጡበት ቦታ ፈጽሞ ይለያያል። የእኛ ደጋ ዋልካ በአብዛኛው ከባሳልት ድንጋይ መፈራረስ የመጣ፣ በረባዳ ሜዳና በተረተር ግርጌ የሚተኛ አፈር ነው፤ ከዙሪያው ያለው ጎርፍ ሁሉ ወደ እርሱ ይወርዳል። በአገራችን ካለው ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ቨርቲሶል 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ነው የሚገኘው፤ የደጋው ዋነኛ ችግርም ንቃቃቱ ሳይሆን የክረምት ውሃ መተኛት ነው። ስለዚህ ገበሬው ጤፉን ዘግይቶ ይዘራል፤ ሽምብራውንና ጓያውን ዝናቡ ሊወጣ ሲል አፈሩ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። እነዋሪ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ በእጁ አፈሩን እየዛቀ መደብና ቦይ ይሠራል፤ ጀርባን የሚያጎብጥ ሥራ እንደሆነ በልጅነቴ ቀምሼዋለሁ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያን ድካም ለማቅለል ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር፤ ለአንዳንዱ ጠቀመ፣ ለአንዳንዱ በሬ ከበደ።

የቴክሳሱ አፈር ግን በተረተር ላይ እንዴት ተገኘ? ከፍ ያለ መሬት ላይ ዋልካ ሲባል ለእኔ እንግዳ ነው።

አፈር አንባቢ

ልዩነቱን በትክክል ለይተውታል። እዚህ አፈሩን ሸክላ ያደረገው ከላይ የወረደ ደለል ሳይሆን ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነው። ከዳላስ ሰሜን ተነሥቶ እስከ ሳን አንቶኒዮ የሚዘልቀው «ብላክላንድ ፕሬሪ» በክሬታሺየስ ዘመን (ዳይኖሰሮች በነበሩበት ጥንታዊ ዘመን) ባሕር ነበር። በዚያ ባሕር ሥር የተቀመጠው ኖራ ያዘለ የጭቃ ድንጋይ ገና ከመነሻው በስሜክታይት የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ሲፈራርስ በተረተሩም በወገቡም ላይ ሸክላ ይሆናል። ሂውስተን ብላክ በብዛት የሚገኘው ከ1 እስከ 3 በመቶ በሆነ ለስላሳ ተዳፋት ላይ ሲሆን እስከ 8 በመቶም ይደርሳል። ወደ 600 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል።

ያልታረሰ ፕሬሪ ቢያገኙ ሌላም ነገር ያያሉ፤ መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ በየጥቂት ሜትሩ ጉብታና ጎድጓዳ ይፈራረቅበታል። ሳይንሱ ከአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝብ ቋንቋ በተወሰደ ቃል «ጊልጋይ» ይለዋል፤ የቴክሳስ ሰዎች ግን የአሳማ መንከባለያ ነበር የሚሉት፤ አፈሩንም «ጥቁር ሰም» ብለው ይጠሩት ነበር። ያልታረሰ ፕሬሪ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም፤ መሬቱ በጥጥ፣ በማሽላና በበቆሎ፣ ከዚያም በከተማ ከተያዘ በኋላ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

ሂውስተን ያለሁ

በስሙ ምክንያት ነው የገባሁት። የምኖረው ሂውስተን ነው፤ ታዲያ ይህ አፈር ከእኔ ቤት ሥር ነው ማለት ነው?

አፈር አንባቢ

አይደለም። ስሙ የተሰጠው በ1902 በብራዞሪያ ካውንቲ፣ ማለትም በእናንተ አካባቢ፣ ጥናት ሲደረግ ነበር፤ በኋላ መለያው እየጠበበ ሄዶ አፈሩ ዛሬ የሚታወቀው በብላክላንድ ፕሬሪ ነው። እናንተ ጋ ያለው ዘመድ «ሌክ ቻርልስ» የሚባለው የባሕር ጠረፍ ቨርቲሶል ነው፤ ለቤት መሠረት የሚሰጠው ፈተና ግን ከዚህኛው አይተናነስም። ግራ መጋባቱን ለመጨመር ያህል፣ «ሂውስተን» ብቻ የሚባል ሌላ አፈር አለ፤ እርሱ በአላባማና በሚሲሲፒ ነው።

ባለ መሠረት

ሥራዬ የቤት መሠረት ነው። እኛ ምደባውን ለመነሻ እናየዋለን እንጂ በእርሱ ላይ ተመሥርተን ኮንክሪት አናፈስስም። የምንለካው አፈሩ ከሚለጠጥበት እርጥበት እስከሚፈስበት እርጥበት ያለውን ርቀትና በጥልቀት ያለውን የእርጥበት ለውጥ ነው፤ ከዚያም መሬቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ሊነሣ እንደሚችል እናሰላለን።

የጠያቂው በር ያደረገው ነገር የታወቀ ነው። በበጋ ከቤቱ ጠርዝ ውጭ ያለው አፈር ደርቆ ሲቀንስ ጠርዙ ይወርዳል፤ መሐሉ ግን በወለሉ ተሸፍኖ እርጥበቱን ስለሚይዝ ባለበት ይቆያል። ወለሉ እንደ ተገለበጠ ሰሐን ይሆናል፤ የበሩ መቃንም ይጣመማል። ዝናብ ሲመጣ ጠርዙ መልሶ ይነሣል። በ2011 ድርቅ ጊዜ የተሰነጠቀ ግድግዳ አይቻለሁ፤ በ2015 ሜይ በጣለው ከባድ ዝናብ ደግሞ ሌላው ወገን ተነሣ። ስለዚህ በአንድ ወቅት ብቻ ወለል ሳይለካ፣ ይባስ ብሎም ጨርሶ ሳይለካ፣ ምሰሶ ይቀበር የሚል ሰው አያጣድፍዎ። በኦገስት መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በጸደይ ዝናብ ማግስት አንድ ጊዜ የወለሉን ከፍታ ገለልተኛ በሆነ መሐንዲስ ያስለኩና ሁለቱን ያነጻጽሩ።

እስከዚያው ድረስ የሚፈለገው እርጥበቱ እኩል መሆኑ ነው። ከቤቱ ዙሪያ ባለው 3 ሜትር ውስጥ መሬቱ ወደ ውጭ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል፤ የጣሪያው ውሃ ግድግዳ ሥር አይፍሰስ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ ከመሠረቱ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገው መሬቱ ሳይሰነጠቅ በፊት ይዘርጉ። ንቃቃት ከተከፈተ በኋላ በውስጡ ውሃ ማፍሰስ አይመከርም።

አፈር አንባቢ

የመጨረሻዋን ማስጠንቀቂያ በምክንያት ላጠናክራት። ከዌኮ አጠገብ በሪዝል የሚገኘው የግብርና ምርምር ተፋሰስ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡና ጎርፉ እየተለካበት ያለ ቦታ ነው፤ አፈሩም በአብዛኛው ይኸው ሂውስተን ብላክ ነው። አፈሩ ሁለት ፊት አለው። ተሰንጥቆ ሳለ የዘነበ ዝናብ በላይኛው አፈር ሳይጠጣ በንቃቃቱ በኩል በቀጥታ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ወንዙ ጠብታ አይደርሰውም። አብጦ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃ ማስገባቱ ከምንም አይቆጠርም፤ የዘነበው ሁሉ ጎርፍ ይሆናል። በንቃቃት ውስጥ ጎማ የሚለቅ ሰው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ያበጠ መሬት ነው የሚሠራው።

የጋርላንድ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ 811 ደውዬ የተቀበረ መስመር እንደሌለ ካረጋገጥሁ በኋላ በአጥሩ ጥግ፣ ከቤቱ ርቆ፣ 1 ሜትር ከ20 ያህል ቆፈርሁ። የላይኛው አንድ ስንዝር እንደ ቆሎ የተንከረፈፈ ነው፤ በእጅ ይዘገናል። ከዚያ በታች አካፋው አልገባ ብሎ ዶማ አነሣሁ። ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ትልቅ ጓል ሳላቅቅ በሰያፍ ተላቀቀ፤ ገጹ በቅቤ የታሸ ይመስል ያብለጨልጫል፤ አውራ ጣቴን ሳሳልፍበት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳቡ ቀጫጭን ጭረቶች ተሰሙኝ። በውስጡ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ እንክብሎች አሉ፤ ኮምጣጤ ሳንጠባጥብባቸው ፈሉ። ከታችም እስከቆፈርሁበት ድረስ ጥቁር ነው፤ ጥቂት የወይራ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ብቻ ነው ያየሁት። ካርታው በእርግጥ ትክክል ነው ማለት ነው?

አፈር አንባቢ

በሰያፍ የተላቀቀው ጓል ከካርታው የበለጠ ምስክር ነው፤ ቨርቲሶል መሆኑ አያጠራጥርም። ጭረቶቹ አፈሩ ሲያብጥ ወደ ጎን መስፋት አጥቶ አንዱ ጓል በሌላው ላይ በሰያፍ የተሳበባቸው ናቸው። ድሮ የላይኛው አፈር በንቃቃቱ እየወደቀ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል ይባል ነበር፤ የክፍሉም ስም ከዚያ አስተሳሰብ የመጣ ነው። ዛሬ ዋናው ሥራ የዚህ መሳብ እንጂ የመገልበጥ እንዳልሆነ ይታመናል፤ ያ ባይሆን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አፈር ባገኙ ነበር።

ሂውስተን ብላክ ነው ወይስ ጎረቤቱ «ሄይደን» የሚለው ይቀራል። የሁለቱ ረጅም ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ ነው፤ የሚለያዩት ከዚያ በታች ባለው ደረጃ ብቻ ነው። ሄይደን ይበልጥ ተዳፋት በሆነ ቦታ የሚገኝ፣ ጥቁረቱም ያነሰ ነው። የእርስዎ ጉድጓድ እስከ ታች ጥቁር ከሆነና ቦታው ሜዳ ከሆነ ወደ ሂውስተን ብላክ አደላለሁ። ሆኖም የከተማ ካርታ ላይ አፈሩ «ከከተማ መሬት ጋር የተደባለቀ» ተብሎ እንደሚጻፍ ያስታውሱ፤ ቤቱ ሲሠራ በወለሉ ሥር ምን እንደተሞላ የአጥር ጥግ ጉድጓድ አይናገርም።

የጋርላንድ ነዋሪ

ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ 90 እና 150 ቀን የተባለውን በራሴ ልቆጥር አስቤ ነበር። ጎማ የዘረጋሁበትን ጓሮ ብቆጥር ዋጋ ይኖረዋል?

አፈር አንባቢ

አይኖረውም፤ መስፈርቱ ውሃ ላልጠጣ መሬት ነው። ከአጥሩ ውጭ ማንም የማያጠጣው መሬት ካለ እርሱን ይያዙ። በየሳምንቱ ያው ንቃቃት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ይስደዱ፤ 25 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ክፍት ነው ብለው ይጻፉ። የአንድ ዓመት ቁጥር ግን ለምደባ አይበቃም፤ «በተለመደ ዓመት» የምትለዋን አይርሱ።

የጋርላንድ ነዋሪ

ከኋላ መተላለፊያው ዳር ማንም የማይነካው ቦታ አለ። ዛሬ ጠዋት እንጨቱን ሰድጄ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ፤ ገና አልተከፈተም ብዬ ጽፌአለሁ።